የካርዷ የመጨረሻ መስመር

ሙዚየም ውስጥ ያለ ሥዕል ሁሉ ባለሙያ መርጦት፣ በጀት ተመድቦለት የተገዛ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የዚህ ጥፋቱ የእኛ የጎብኚዎች ነው። ከሥዕሉ ጎን የምትለጠፈውን ካርድ እናነባለን፤ የሠዓሊው ስም፣ ዓመቱ፣ «ዘይት ቀለም በሸራ ላይ»፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሥዕል። ቁም ነገሩ ያለው ግን በደቃቅ ፊደል በተጻፈችው የመጨረሻ መስመር ነው።

አሜሪካ፣ ሴለም ከተማ፣ ፒቦዲ ኤሴክስ ሙዚየም ገብታችሁ የህንድ ዘመናዊ ሥዕል ካያችሁ፣ ያቺ መስመር ደጋግማ «የቼስተርና የዳቪዳ ሄርዊትዝ ስብስብ ስጦታ» ትላችኋለች። ሙዚየሙ መነሻው የመርከብ ካፒቴኖች በ1799 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያቋቋሙት ማኅበር ነው።

ሥዕሎቹን ያመጡት ግን ባልና ሚስት ናቸው። ሄርዊትዞች የዚያው የማሳቹሴትስ ሰዎች ነበሩ። ምዕራባውያን ገዢዎች የህንድን ሥዕል ዞር ብለው ባላዩበት ዘመን ለዓመታት ህንድ እየተመላለሱ፣ ከሠዓልያኑ ጋር እየተወዳጁ ገዙ። ከስብስባቸው ወደ 1,200 የሚጠጉ ሥራዎች ሙዚየሙ ገቡ። አንድ ሠዓሊ ከወደዱ በአንድ ሥዕል አይመለሱም። ቦምቤይ ውስጥ በወጣትነቱ የሲኒማ ማስታወቂያ ይስል የነበረውንና በባዶ እግሩ መሄድ ይወድ የነበረውን ኤም. ኤፍ. ሁሴንን እንውሰድ። የህንድን ጥንታዊ ተረክ ማሃባራታን የሳለባቸው ሥዕሎች ሴለም የተገኙት በእነሱ ነው። እንግዲህ ከተማዋ የያዘችው የሁለት ሰዎችን ዓይን ነው ማለት ይቻላል። እነሱ ያልወደዱትን እዚያ ፈልጎ ማጣት አያስገርምም።

«ገንዘብ ካለ የጎደለውን መግዛት ነው» የሚል አይጠፋም። በ1972 በወጣው የህንድ ሕግ መሠረት ግን የ9 ሠዓልያን ሥራዎች ከአገር አይወጡም፤ ራቢንድራናት ታጎር፣ ጃሚኒ ሮይና አምሪታ ሼር-ጊል ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሼር-ጊልን የፈለገ የውጭ ሙዚየም ሕጉ ሳይደርስባት ከህንድ የወጣች ሥዕል ማደን፣ የያዛትንም ሰው እንዲሸጥ ወይም እንዲሰጥ መለመን አለበት። ሠዓሊዋ ቡዳፔስት ተወልዳ ፓሪስ ስለተማረች፣ አደኑ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከአውሮፓ ነው።