የቤቱን ልብስ ሁሉ ላውንደሪ መስጠት ያዋጣል? ቁጥሩን አብረን እናስላ

ሳፋ ፊት ተቀምጦ ግማሽ ቀን ከማጎንበስ ሁሉንም ጠቅልሎ ላውንደሪ መስጠት ይሻላል ብሎ ያላሰበ ሰው ያለ አይመስለንም። አቦምሳ ላይ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ሐሳቡ የበለጠ ይጥማል። ግን ወጪው ስንት ነው? እስኪ እናስላው።

አምስት ሰው ያለበት ቤት እንውሰድ። እያንዳንዱ በሳምንት 6 ልብስ ቢያወጣ 30 ነው። አንሶላና ፎጣ 6 ስንጨምር 36 ይሆናል። የውስጥ ልብስና ካልሲ አልቆጠርንም፣ እሱን ማንም ላውንደሪ አይሰጥም። አንዱ በአማካይ 40 ብር ቢሆን (ለምሳሌ ያህል ነው፣ የሰፈራችሁን ዋጋ አስገቡበት) በሳምንት 1,440፣ በአራት ሳምንት 5,760 ብር መጣ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ለልብስ ከፍሎ 240 ብር ቀረው ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ይወደዳል? ብዙ ሰው የሚከፍለው ለእጥበቱ ይመስለዋል። እጥበቱ እኮ ቀላሉ ክፍል ነው። ማሽኑ የሃያ ሰው ሸሚዝ አንድ ላይ ያጥባል፣ ካውያው ግን አንድ በአንድ ነው። መለየቱ፣ ምልክት ማድረጉ፣ እድፉን ማየቱ፣ ተኩሶ ማጠፉ ሁሉ የሰው እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ የአራት ዓመት ልጅ ቲሸርት ከአባትየው ቲሸርት ብዙም አይረክስም። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤት በፍሬ ሲከፍል የሚጎዳው ለዚህ ነው።

መፍትሔው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ያለ ካውያ ስንት ነው?» ፒጃማና የቤት ልብስ ማን ይተኩሳል? ሁለተኛው ጥያቄ በኪሎ ያጥቡ እንደሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በኪሎ የሚያጥቡ አሉ። የልጅ ቲሸርት 100 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ አስሩ አንድ ኪሎ ነው። በፍሬ ቢሆን በምሳሌያችን 400 ብር ያስከፍል ነበር። ጂንስ ግን ከግማሽ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሁለቱ ብቻ ኪሎውን ይሞሉታል። የልጅ ልብስ በኪሎ፣ ጂንስ በፍሬ ብትሰጡ ይሻላችኋል።

ዋጋው ለምን በየጊዜው እንደሚጨምርም እንይ። ማሽኑም፣ መለዋወጫውም፣ ለሙሉ ልብስ የሚጠቀሙበት ኬሚካልም ከውጭ ነው የሚገባው። ኦሞ ዱከም ውስጥ ቢመረትም የዱቄት ሳሙና ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው ዶላር ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ዘለለ፣ ከዚያም አልቆመም። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል።

«ማሽን ልግዛ?» ለምትሉ፣ የማሽን መብራት የሚበላው ከበሮውን ማዞሩ ሳይሆን ውሃውን ማሞቁ ነው። 15 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። በቀዝቃዛ ብታጥቡ ይህ በሙሉ ይቀራል። ማድረቂያማ እኛ ጋ አያስፈልግም፣ ውጭ አገር ሰው ለማድረቂያ ሳንቲም ይከፍላል፣ አቦምሳ ላይ ፀሐዩ በነፃ ነው። ችግሩ ውሃው ነው። ማሽን ጫና ያለው የቧንቧ ውሃ ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ወይ ሮቶና ፓምፕ ትጨምራላችሁ፣ ወይ በባልዲ እየቀዳችሁ ማሽኑን ትጠብቃላችሁ። የማሽኑን ዋጋ ስትጠይቁ የሮቶውንም አብራችሁ ጠይቁ።

ልብስ አጣቢ መጥራት በአብዛኛው ከላውንደሪ ይረክሳል፣ ግን የምንቆጥረው የእጇን ብቻ ነው። ሳሙናውና ውሃው የእናንተ ነው። ውሃ በጄሪካን የምትገዙ ከሆነ ማለቅለቂያውን ጨምሮ ስንት ጄሪካን እንደሚሄድ አንድ ቀን ቁጠሩ፤ ሁለቴና ሦስቴ ሲለቀለቅ ትንሽ አይደለም። ደግሞም የሚረክሰው እሷ ያነሰ ስለምትጠይቅ ነው፣ ሥራው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ቀኑን ሙሉ እጅን አረፋ ውስጥ መንከር ቆዳ ይልጣል፣ ወገብም ይይዛል።

እቤት በእጅ ሲታጠብ ደግሞ «ነፃ ነው» እንላለን። የእናት ወይ የሴት ልጅ ግማሽ ቀን ስለማይከፈልበት ነው ነፃ የመሰለን። ያቺ ልጅ በዚያ ሰዓት ልታጠና ትችል ነበር። ይህን ብር ላይ ማስቀመጥ ይከብዳል፣ ሒሳቡ ውስጥ ግን መግባት አለበት።

እኛ ስናስበው፣ ሁሉንም ከመስጠት ከባዱን መምረጥ ያዋጣል። በመጀመሪያ ብርድ ልብስ። የሁለት ሰው ብርድ ልብስ ውሃ ሲጠጣ ብቻውን የሚያነሳው ሰው የለም፣ የ6 እና የ7 ኪሎ ማሽን ውስጥም በደንብ አይዞርም። ቀጥሎ ወፍራም መጋረጃና ሙሉ ልብስ። ክረምት ላይ፣ አልደርቅ ብሎ የሚሸተውን አንሶላም ጨምሩበት። ጥበብ ያለው የሀበሻ ልብስ ስትሰጡ ግን ቀለሙ እንደሚለቅ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ለብቻው ካልታጠበ ነጩን ያበላሸዋል።

ከመስጠታችሁ በፊት ልብሱን አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ ኪስ ፈትሹ፣ የነበረውን ቀዳዳና እድፍ አሳይታችሁ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ቢጠፋ ወይ ቢቃጠል ስንት እንደሚከፍሉም ያኔውኑ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ደረሰኙ ጀርባ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል፣ አንብቡት።