በወረርሽኝ ጊዜ ሩቅ አገር ለሰርግ ስለሚሄድ እንግዳ

ሰርግ ተጠርቶ መቅረት በአገራችን ልማድ እንደ ነውር የሚቈጠር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሰርጉ በሌላ ከተማ ወይም በባሕር ማዶ ሲሆን ግን፥ መሄድ ራሱ ሥርዐት አለው። ይህንኑ ለማስረዳት በአሜሪካ አገር፥ በሜይን ግዛት የደረሰውን አንድ ነገር እናንሣ።

በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ 1 ቀን (እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 2020) ሚሊኖኬት በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ሰርግ ተደረገ። ጊዜው የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ያስጨነቀበት ነበር። በእኛም አገር በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ እንደ ነበረ ይታወሳል። በሜይን የተፈቀደው በአንድ አዳራሽ ውስጥ እስከ 50 ሰው ነበረ፤ በግብዣው ላይ የተገኙት ግን 55 ናቸው። በእኛ ድግስ አምስት ሰው ከቍጥር የሚገባ አይደለም፤ እዚያም ሳይቈጠር አልፎ ይሆናል።

ከካሊፎርኒያ የመጡት ቤተ ዘመዶች ተመርምረው ከበሽታው ነጻ ሆነው ስለ ተገኙ፥ ለ14 ቀን ተለይቶ የመቀመጥ ግዴታ አልነበረባቸውም። በር ላይ የእንግዶች ሙቀት ተለካ። አፍና አፍንጫ እንዲሸፈን ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ ነገር ግን እንግዶቹ ብዙም ሳይከተሉት ተቀራርበው ተቀመጡ። በማግሥቱ ከታዳሚዎቹ አንዱን ትኵሳትና ሳል ያዘው።

ታዲያ ምርመራውና የሙቀቱ ልኬት ምን ጠቀመ? ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ልክ አላቸው። በዚያን ጊዜ በሽታው የያዘው ሰው ምልክት የሚታይበት ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፥ አብዛኛውን ጊዜ በአምስተኛው ቀን ገደማ ነበረ፤ ምልክቱ ከመታየቱም አንድ ሁለት ቀን አስቀድሞ ወደ ሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ትኵሳት ያልጀመረውን ሰው መለኪያው አያገኘውም። የምርመራውም ወረቀት የሚናገረው ናሙናው ስለ ተወሰደበት ሰዓት እንጂ ስለሚቀጥለው ቀን አይደለም።

ትልቁ ጥፋት የደረሰው ግን ከግብዣው በኋላ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ወህኒ ቤት ሠራተኛ ነበረ፤ ይህም ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ የሚያደርሰውን መንገድ ያህላል። ሰውዬው ሕመም እየተሰማው ከሥራው ገባ፤ በዚያም እስረኞች፥ ሠራተኞችና ቤተ ሰቦቻቸው በጠቅላላው 82 ሰዎች ታመሙ። በሌላ በኩል በሽታው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ደረሰ፤ 38 ሰዎችን ያዘ፤ ስድስት አረጋውያንም ሞቱ። ከዚህ ሰርግ ጋራ በተያያዘ የታመሙት 177፥ የሞቱት 7 ሆኑ። ከሰባቱ ሟቾች አንድም በሰርጉ የተገኘ አልነበረም።

የዓለም የጤና ድርጅት በሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮሮናን የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ማብቃቱን አስታውቋል፤ አገሮችም ብዙውን የመንገደኛ ደንብ አንሥተዋል። ሌላ ወረርሽኝ ሲነሣ ግን ደንቡ በአዲስ መልክ ይመለሳል። ስለዚህ የአውሮፕላን ቲኬት ከመግዛትዎ በፊት የሚሄዱበትን አገር ኤምባሲ ይጠይቁ፤ ከጕዞውም ዋዜማ እንደ ገና ይጠይቁ። የክትባት ወረቀትም ለመጨረሻ ቀን የሚተው ጕዳይ አይደለም። የቢጫ ወባው የምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለ ሆነ፥ በዋዜማው የተከተበ ሰው ወረቀቱን ይዞ ከአውሮፕላን ጣቢያ ሊመለስ ይችላል።

ሲመለሱ ቢያስልዎት ወይም ቢያተኵስዎት፥ ሰኞ ጧት ከመሥሪያ ቤት መግባት ትጋት አይደለም፤ ለአለቃዎ በስልክ አስታውቀው ይቅሩ፤ ሽማግሌ ወላጆች ካሉዎትም ቤታቸው አይሂዱ። አለቃ የሆኑትም ፈቃዱን አይንፈጉ። ገና ሳይነሡ ሕመም የተሰማዎት እንደ ሆነ ግን ለደጋሹ እውነቱን ደውለው ይንገሩት፤ ስጦታውን ሌላ እንግዳ ያደርስልዎታል።