የቧንቧ መገጣጠሚያን በኮምፒዩተር መንደፍና የቴክኒክ ሥዕል ትምህርት

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ደጋ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች የሚያቆለቁል መሬት ናቸው። በእንዲህ ያለው አገር ምንጭን አጎልብቶ ውሃን በራሱ ክብደት ወደ መንደር ማውረድ ከሞተርና ከነዳጅ ወጪ ነፃ የሆነ ዘዴ ነው። ሆኖም ቁልቁለቱ የሚጠቅመውን ያህል ይፈትናል። ውሃው ተዘግቶ በቆመበት ጊዜ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚጨመር፣ ከምንጩ 60 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ መገጣጠሚያ 6 ባር ያህል መሸከም ይኖርበታል። አንድ መገጣጠሚያ ቢለቅ ከበታቹ ያለው ቦኖ ይደርቃል፤ ውሃ ቀጂዋ ተማሪም ወደ ሩቅ ምንጭ ስትመላለስ የትምህርት ሰዓቷ ያልፋል።

ልዩ መገጣጠሚያ የሚያስፈልግበት ምክንያት

በአፈር የሚቀበረው መስመር ብዙውን ጊዜ ፖሊኤቲሊን፣ ቋጥኝ ወይም ጅረት የሚያቋርጠው ደግሞ ዚንክ የተለበጠ ብረት ይሆናል። የሁለቱ አሰያየም ግን ይለያያል። ባለ 2 ኢንች የብረት ቧንቧ የውጭ ዲያሜትሩ 60.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ 63 የሚባለው ፖሊኤቲሊን ግን ስሙ ራሱ የውጭ ዲያሜትሩ ነው። ስለሆነም ሁለቱን የሚያገናኘው አካል በአንድ ጫፉ ጥርስ፣ በሌላው ማጥበቂያ ሊኖረው ይገባል።

የአነዳደፉ ቅደም ተከተል

እንደ ሶሊድወርክስ ያሉት የቧንቧ መስመር መዘርጊያ ፕሮግራሞች የተዘጋጁ መገጣጠሚያዎች አሏቸው። በውስጣቸው የማይገኘው በተጠቃሚው ይነደፋል፤ ይኸውም በአራት ደረጃ ነው።

1ኛ/ የአካሉ ቁራጭ ገጽታ በማዕከላዊው መስመር አንድ ወገን ተሥሎ ዙሪያውን እንዲዞር ይደረጋል።

2ኛ/ በየጫፉ የመገናኛ ነጥብ ይቀመጣል፤ በቀጥታው ሁለት፣ በቲ ሦስት ማለት ነው። ነጥቡ የቧንቧውን አቅጣጫና ዲያሜትር ይወስናል።

3ኛ/ የመስመር ነጥብ ይሰጣል፤ በኤልቦና በቲ ማዕከላዊ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

4ኛ/ ልዩ ልዩ መጠኖች በሠንጠረዥ ይሞላሉ፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ መጠን ይሆናል።

ከእነዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው ሁለተኛው ነው። ነጥቡ መቀመጥ ያለበት በመገጣጠሚያው አፍ ላይ ሳይሆን ቧንቧው ገብቶ በሚቆምበት ጥልቀት ነው። ጥልቀቱ 25 ሚሊ ሜትር ሆኖ ነጥቡ በአፉ ላይ ቢደረግ፣ በሁለት መገጣጠሚያዎች መካከል ያለው ቧንቧ 50 ሚሊ ሜትር አጥሮ ይቆረጣል። ሥዕሉ ያማረ ቢሆንም ቧንቧው አይደርስም።

ለመምህራንና ለፕላን አውጪዎች

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ኮምፒዩተር እስኪመጣ የሚጠብቅ አይደለም። ቁራጭ ገጽታ፣ ማዕከላዊ መስመርና የልኬት ሠንጠረዥ በጥቁር ሰሌዳም ይሠራሉ፤ አንድ አሮጌ መገጣጠሚያ በካሊፐር ለክቶ መሣል ጥሩ መልመጃ ነው። ለፕላን አውጪም ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በትክክል ከተነደፈው መስመር የዕቃው ዝርዝር ከነብዛቱ ይወጣል። ዝርዝሩ ከጎደለ ግን ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የተጫነው ዕቃ ሁሉ አንዲት የጎደለች መገጣጠሚያን እየጠበቀ ይቆማል።