የደርሶ መልስ ጀልባ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሐይቅ ከተማ አጠገብ የተንጣለለው ሐይቅ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቁ ቦታ ላይ ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ በሪሞት የሚነዳ ጀልባ ላማረው ሰው በአቅራቢያ ያለው ትልቁ ውሃ ይኸው ነው። የሪሞት መኪና ባትሪ ሲጨርስ ባለቤቱ ሄዶ ብድግ ያደርገዋል። ጀልባ ከዳር 60 ሜትር ርቆ ቀጥ ካለ ግን ማን ያመጣዋል? ሻጩ «በሰዓት 50 ይሄዳል» እያለ ሲያሻሽጥ ጀማሪው ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሄዶ ይመለሳል ወይ?

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኒኮላ ቴስላ በ1898 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በሚገኘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ትንሽ ጀልባ ገንዳ ላይ አንሳፍፎ በሬዲዮ ሞገድ ሲያሽከረክራት ለሕዝብ አሳይቷል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የፈጠራ ባለመብትነቱን በቁጥር 613,809 አስመዘገበ። ወሎን ራስ ሚካኤል በሚያስተዳድሩበት ዘመን መሆኑ ነው። ዛሬ በሪሞት የሚነዳው ሁሉ፣ ከልጆች መኪና እስከ ድሮን፣ የዚያች ጀልባ ዘር ነው።

የዛሬው ጀልባ ሆዱ ሲከፈት የሚታየው ዕቃ ብዙ አይደለም። ባትሪ አለ፤ ከባትሪው ኃይል እየመጠነ ለሞተሩ የሚሰጥ የፍጥነት መቆጣጠሪያ አለ፤ ሞተሩ የሚያዞረው ቀጭን የብረት ዘንግ በቱቦ ውስጥ አልፎ ከኋላ ይወጣና ፕሮፔለሩን ያሽከረክራል። ከሪሞቱ ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር ደግሞ ሰርቮ የምትባለውን ትንሽ ሞተር እያዘዘ መሪውን ግራና ቀኝ ያስዞራል። ለጀማሪ ሁለት ትእዛዝ ይበቃል፤ ፍጥነትና አቅጣጫ። መብራትና ጡሩምባ ዋጋ ይጨምራሉ እንጂ መንዳት አያስተምሩም።

ልዩነቱ ያለው ከሥር ባለው ቅርፅ ላይ ነው። አንደኛው ዓይነት ውሃውን ገፍቶ የሚሄድ ነው፤ የጎታች መርከብ፣ የዓሣ አስጋሪ ወይም የጭነት መርከብ ሞዴሎች በዚህ ይመደባሉ። እነዚህ የፈለገው ሞተር ቢገጠምላቸው ራሳቸው የሚፈጥሩት ማዕበል ያግዳቸዋል። ውሃ ላይ ያረፈው ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞዴል በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ይብቃኝ ይላል፤ ያ ደግሞ የእግረኛ ፍጥነት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከሥሩ እንደ «ቪ» ፊደል የሾለ ሲሆን ፍጥነት ሲያገኝ ከውሃው ብድግ ብሎ፣ ልጆች ሐይቅ ዳር እንደሚያነጥሩት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ላይ ላዩን ይበራል። በሱቅ የሚታዩት ፈጣን ጀልባዎች አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። መንትያ አካል ያላቸው ካታማራኖችና ለውድድር የተሠሩ ዝርግ ጀልባዎች የባሰ ይሮጣሉ፤ ትንሽ ሞገድ ሲነካቸው ግን ይገለበጣሉ። ለለመደ ሰው ናቸው።

ፕሮፔለራቸው በአየር ላይ እንደ ቬንትሌተር የሚሽከረከር ጀልባዎችም አሉ። የሐይቁን ዳር የያዘው ፊላና ቄጠማ አይጠላልፋቸውም፤ ይህ ትልቅ ጥቅማቸው ነው። ነገር ግን ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር የሚገፋ ፕሮፔለር ደግሞ አቅሙ ይቀንሳል። ነፋስም እንዳሻው ይወስዳቸዋል።

ይኸው ከፍታ ሌላም ነገር ይወስናል። በነዳጅ የሚሠራ ትንሽ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ሐይቅ ላይ አንድ አምስተኛው፣ ወደ 2,500 ሜትር በተጠጋችው ደሴ ደግሞ አንድ አራተኛው ገደማ ይጎድላል ማለት ነው። በዚያ ላይ የነዚህ ሞተሮች ልዩ ነዳጅ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን መንገደኛ ሻንጣ አይጫንም፤ ጩኸታቸውም የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ላለበት ውሃ የሚሆን አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ያው ነው። ጀማሪው ሳይወዛገብ ኤሌክትሪክ ይያዝ።

የኤሌክትሪክ ሞተርም ሁለት ዓይነት ነው። ካርቦን ያለው ረከስ ያለ፣ ዘገም የሚል፣ ካርቦኑ እያለቀ የሚሄድ ነው። ካርቦን የሌለው «ብራሽለስ» የሚባለው ብርቱና ዕድሜው ረጅም ነው፤ ግን በሙሉ ኃይሉ ሲነዳ ባትሪ ይበላል፣ ስህተትም አይምርም። ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ለሚረዝም የመጀመሪያ ጀልባ ካርቦን ያለው ይበቃል። ብራሽለስ ከተገዛም ሪሞቱ ፍጥነቱን በግማሽ መገደብ የሚያስችል ቢሆን ይመረጣል።

በውጭ ገበያ ስማቸው ከሚነሳው መካከል 46 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው ፌይሉን ኤፍቲ009፣ የትራክሳስ ብላስትና የፕሮ ቦት ትንንሽ ጀልባዎች ይገኙበታል። የሸራ ጀልባ የሚስበው ሰው ካለ ጆይስዌይ የሚሠራው ድራጎንፎርስ 65 ለጀማሪም ለተወዳዳሪም የሚሆን ነው። የአካሉ ርዝመት 65 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የሚነዳው በነፋስ ነው። ባትሪው የሚያገለግለው ሸራና መሪ ለሚያንቀሳቅሱት ሁለት ሰርቮዎች ብቻ ስለሆነ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ችግሩ ከሥሩ ወደ ታች የሚወርደው፣ ጫፉ ላይ እርሳስ የተሸከመው ክንፍ ነው፤ ውሃው ጎድጎድ ያላለና ሣር የበዛበት ዳር አይሆነውም።

የምርቱ ስም ምንም ይሁን፣ ደርሶ መልስ መሆኑን የሚያረጋግጡ ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው ሲገለበጥ ራሱን ማቅናቱ ነው። አንዳንዶቹ በአንድ ጎናቸው ውሃ የሚገባበት ክፍት ጓዳ አላቸው፤ ጀልባው ሲደፋ ጓዳው ውሃ ይሞላና ክብደቱ አገላብጦ ያቀናዋል፤ መሄድ ሲጀምር ውሃው ይፈሳል። ሁለተኛው የባትሪ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ፍጥነቱን ቀንሶ ወይም ሪሞቱን አስጩሆ «ና፣ ተመለስ» የሚል። ሦስተኛው ሪሞቱና ጀልባው ሲጠፋፉ ሞተሩ ወዲያው የሚቆም መሆኑ ነው። ይህን ሱቁ ውስጥ መፈተን ይቻላል፤ ጀልባውን በእጅ አንስቶ፣ ጣትን ከፕሮፔለሩ አርቆ፣ በዝግታ እያዞሩ ሪሞቱን ማጥፋት። ፕሮፔለሩ መዞሩን ከቀጠለ ያ ጀልባ ለሐይቅ አይሆንም። አራተኛው መለዋወጫ ነው። ፕሮፔለር፣ ዘንግና መሪ ለብቻቸው የማይሸጡለት ጀልባ አንድ ድንጋይ ሲነካ ታሪኩ ያበቃል።

የሬዲዮው ነገር ቀላል ሆኗል። 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው የዛሬው ሪሞት ከራሱ ጀልባ ጋር ስለሚጣመር፣ ብዙ ሰው አንድ ላይ ቢነዳ አይምታታም። ይህ ሞገድ በውሃ ውስጥ ስለማያልፍ የሪሲቨሩ አንቴና ከውሃው ወለል በላይ መቀመጡን ማየት ያስፈልጋል። ሪሞቱ 150 ሜትር ይደርሳል ቢባል እንኳ ከሬዲዮው በፊት ዓይን ይደክማል። ግማሽ ሜትር የማትሞላ ጀልባ 100 ሜትር ላይ ስትደርስ ፊቷን ከኋላዋ መለየት ከባድ ነው። ደማቅ ብርቱካን ወይም ቢጫ ቀለም ከሰማያዊና ከነጭ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ባትሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው ቀላልና ኃይለኛ ነው። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይሆናል፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል፤ ካበጠ ወይም ከተቀጠቀጠ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ቻርጅ የሚደረገው ሰው እያየው፣ ሴሎቹን እኩል በሚሞላ ቻርጀር፣ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ ነው፤ አልጋ ላይ ወይም ጀልባው ውስጥ እንዳለ አይደለም። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት፣ ወይም ሐይቅ ድረስ ሄዶ ለመዋል፣ ከመኪና ባትሪ በ12 ቮልት የሚሠራ ቻርጀር መያዝ ብልህነት ነው። ከውጭ ዘመድ እንዲያመጣ ከታዘዘም መለዋወጫ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ እንደማይገባ አስቀድሞ ይነገረው። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ በአብዛኛው የሚፈቅዱት እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ 11.1 ቮልትና 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 55.5 ዋት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ያልፋል። ጀልባ እንደ ድሮን ባይበርም ሬዲዮ አስተላላፊ ያለበት ዕቃ ስለሆነ፣ ከመግዛት በፊት ጉምሩክን መጠየቅ ኋላ ከመመላለስ ያድናል።

ጀልባው ቤት ከገባ በኋላ መጀመሪያ የሚነካው ውሃ የሳፋ ውሃ ይሁን። አሠራሩ እንዲህ ነው። ባትሪው ይወጣል፤ ሆዱ ውስጥ ዘንጉ በሚወጣበትና መሪው በተገጠመበት ቦታ ደረቅ ሶፍት ይነጠፋል፤ ክዳኑ ይዘጋና ጀልባው ሳፋው ውስጥ ለሩብ ሰዓት ያህል ጫን ተደርጎ ይያዛል። ሲከፈት ሶፍቱ የረጠበበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የዘንጉ ቱቦ ነው፤ ዘንጉን ስቦ አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ ውሃ የማያጥበው ግሪስ ቀብቶ መመለስ ይበቃዋል። የመሪው ቀዳዳ ከሆነ ትንሽ ሲልኮን ይዘጋዋል። ባዶ በሆነው የሆዱ ክፍል ደግሞ ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም እየቆረጡ መጠቅጠቅ ነው፤ ሞተሩንና መቆጣጠሪያውን ግን አየር እንዳያሳጣቸው። ፎም የሞላው ጀልባ ውሃ ቢገባበት እንኳ አይሰጥምም። አምራቹ የማይነግረን ርካሹ ኢንሹራንስ ይህ ነው።

ከሳፋ ቀጥሎ ወደ ቦርከና መውረድ ያጓጓ ይሆናል፤ ወንዙ ደሴንም ኮምቦልቻንም ይነካልና። ግን በበጋ ድንጋዩ የሚበዛ፣ በክረምት ድንገት የሚሞላ፣ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀላቀልበት ውሃ ለጀልባም ለእጅም አይመችም። ባለቤቱ የፈቀደው የሆቴል መዋኛ፣ ዋናተኛ በሌለበት ሰዓት፣ ለመለማመጃ ከሁሉ ይሻላል። እዚያ የሚለመደው ዋናው ነገር ጀልባው ወደ ነጂው ፊቱን ሲያዞር ግራው ቀኝ የሚሆንበት ግራ መጋባት ነው። ራስን ጀልባው ላይ የተቀመጠ አድርጎ ማሰብ ይረዳል፤ እጅ እስኪለምደው ድረስ ግን በዝግታ ከመንዳት የሚሻል መፍትሔ የለም።

ሐይቅ ሲደረስ ቦታ መምረጥ ጀልባ የመምረጥ ያህል ነው። ነጂው ነፋሱ ከውሃው በኩል መጥቶ ፊቱን በሚመታበት ዳር ይቁም። ጀልባው መሃል ላይ ቢቆም ነፋሱ እየገፋ ወደ እሱ ያመጣዋል፤ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ የቆመ ሰው ግን ጀልባው ወደ ማዶ ሲሄድ ቆሞ ያያል። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ዓሣ አስጋሪዎቹን «ጋሼ፣ መረብ የጣላችሁት በየት በኩል ነው?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ የጨዋ ደንብ ነው። መረብ ፕሮፔለሩ ላይ ቢጠመጠም የሰው እንጀራ ይቆረጣል፤ ጀልባውም አይተርፍም። ሣር እንኳ ሲጠመጠምበት ሞተሩ መዞር አቅቶት ከባትሪው ብዙ ኃይል ይስባል፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያው የሚቃጠለው ያኔ ነው። ድምፁ ከተለወጠ ወይም ጀልባው ከተጎተተ ወዲያው ሞተር ማቆም ነው። ሞተሩን በውሃ የሚያቀዘቅዝ ጀልባ ሲሄድ ከጎኑ ቀጭን የውሃ ጅረት ይተፋል፤ ያ ጅረት ከተቋረጠ ቱቦው ተደፍኗልና መመለስ ይገባል።

ገዳሙ ያለበትን አካባቢም ማክበር ያስፈልጋል። ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ ዛሬም መነኮሳት የሚጸልዩበት ስፍራ ነው፤ የጀልባ ጩኸት እዚያ አይወሰድም። ጀልባው ቆሞ ቢቀር ደግሞ ማንም ዋኝቶ አይከተለው። የዚህን ሐይቅ ጥልቀት ያወቀ ሰው ለፕላስቲክ ነፍሱን አያስይዝም። በረጅም ሲባጎ ጫፍ የታሰረ የቴኒስ ኳስ ከጀልባው ማዶ አሻግሮ ወርውሮ መሳብ፣ አለዚያም ባለ ታንኳን ለምኖ ዋጋውን መክፈል ይበቃል።

እንግዲህ ለደሴና ለኮምቦልቻ ጀማሪ ምክሩ ይህ ነው። 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከሥሩ የሾለ፣ ሲገለበጥ ራሱን የሚያቀና፣ ቀለሙ የደመቀ የኤሌክትሪክ ጀልባ፤ ከሁለት ባትሪና ከሁለት ትርፍ ፕሮፔለር ጋር። ገንዘብ ከተረፈ ለፍጥነት ሳይሆን ለጥሩ ቻርጀር ይዋል። እጅ ሲለምድ ደግሞ ሁለተኛውን ጀልባ መግዛት የግድ አይደለም። ከመጀመሪያው ጀልባ ሞተሩን፣ ሪሲቨሩንና ሰርቮውን አውጥቶ በኮምፔርሳቶ የተሠራ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ትልቅ ጀልባ ውስጥ መግጠም ይቻላል። ይህ ለኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪም፣ ለደሴ አናጺም የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ ውሃ እንዳያስገባ አድርጎ መሥራትን ግን የሚያስተምረው ፈጣኑ ጀልባ ሳይሆን ሳይጠፋ ብዙ ጊዜ የተመለሰው ነው።