ማደንዘዣ የልጄን አእምሮ ይጎዳው ይሆን?

"ዶክተር፣ ልጄ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ተባልኩ። ግን ማደንዘዣ የሕፃን ጭንቅላት ይጎዳል፣ ትምህርት አይገባውም ይሉኛል። ከፍ እስኪል ላቆየው?"

ብዙ ወላጆች የሚጠይቁት ነው። ስጋቱ መነሻ አለው፤ ግን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል።

📌 ስጋቱ ከየት መጣ?

በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት የልጅ አእምሮ በጣም በፍጥነት ያድጋል። ለሰዓታት ማደንዘዣ በተሰጣቸው የአይጥ ግልገሎች ላይ የነርቭ ሴሎች ሲሞቱ ታይቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2016 ማስጠንቀቂያ አወጣ፦ ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ከ3 ሰዓት በላይ የሚቆይ ወይም የሚደጋገም ማደንዘዣ የአእምሮ እድገትን ሊነካ ይችላል።

📌 በልጆች ላይስ ምን ታየ?

በ7 አገራት ከ700 በላይ ጨቅላ ሕፃናት የሄርኒያ (ቡአ) ኦፕራሲዮን ሲደረግላቸው ግማሾቹ ሙሉ ማደንዘዣ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ ተሰጣቸው። 5 ዓመት ሲሞላቸው ሲፈተኑ በማሰብ ችሎታቸው ልዩነት አልተገኘም። ሙሉ ማደንዘዣው በአብዛኛው ከ1 ሰዓት በታች ነበር የቆየው።

ደጋግመው የወሰዱ ልጆች ላይ ግን በአንዳንድ ጥናቶች በእጅ ቅልጥፍናና በፍጥነት በማሰብ ረገድ መጠነኛ ልዩነት ታይቷል። ይህ ከማደንዘዣው ይሁን ደጋግሞ ኦፕራሲዮን ካስደረጋቸው ሕመም፣ መለየት ከባድ ነው።

📌 ታዲያ ላቆየው?

በራስዎ ውሳኔ አያቆዩ! የጨቅላ ሕፃን ሄርኒያ ከቆየ አንጀት ሊታነቅ ይችላል። ያልወረደ የዘር ፍሬ ሳይዘገይ ካልተስተካከለ በኋላ መውለድን ሊያስቸግር ይችላል። አብሮ የተወለደ የዓይን ሞራ ከዘገየ አእምሮ ማየትን ሳይለምድ ይቀራል። አስቸኳይ ያልሆነ ኦፕራሲዮን ከሆነ ግን መቼ ቢሆን እንደሚሻል ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ።

📌 ሐኪሙን ምን ልጠይቅ?

✅ ኦፕራሲዮኑ ስንት ሰዓት ይፈጃል?
✅ ቢዘገይ ምን ጉዳት አለው?
✅ ሌላም ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ከሆነ በአንድ ማደንዘዣ አብሮ መሥራት ይቻላል?

📌 ይህን ግን አደራ!

ከማደንዘዣ በፊት ልጁ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። በአብዛኛው የጡት ወተት 4 ሰዓት፣ የቆርቆሮና የላም ወተት እንዲሁም ቀለል ያለ ምግብ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል። የሆስፒታልዎን ትዕዛዝ ይከተሉ። "አለቀሰብኝ፣ አንጀቴን በላኝ" ብለው ተደብቀው እንዳያጠቡት፤ ወተቱ ወደ ሳንባ ገብቶ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። አጥብተውት ከሆነ ደግሞ ሳይፈሩ ይናገሩ፤ ቀጠሮ ቢራዘም ይሻላል። ጉንፋን፣ ሳል ወይም ትኩሳት ካለው፣ ወይም ከቤተሰብ በማደንዘዣ ችግር የገጠመው ሰው ካለ ቀድመው ያሳውቁ።

ሲነቃ ቢያለቅስና ቢወራጭ አይደንግጡ፤ በትናንሽ ልጆች የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ያልፋል።

ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ያለው ልጅ ለምታውቁት ወላጅ ሼር አድርጉለት።