የደም ግፊት ይመሰክራል?

ሮቤ ላይ በስርቆት የተከሰሰ ሰው «በውሸት መለያ መሣሪያ መርምሩኝ» ቢል፣ የሚለካው የደም ግፊቱ፣ አተነፋፈሱና የእጁ ላብ ነው። ውሸቱ አይደለም። ችሎት ፊት የሚርበተበት ንጹሕ ሰው ስንት አለ!

በ1923 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍራይ በሚባል ተከሳሽ መዝገብ በደም ግፊት ልኬት ላይ የቆመውን ምርመራ ውድቅ ያደረገው በመስኩ ሊቃውንት ዘንድ ገና ተቀባይነት አላገኘም ብሎ ነው። እኛ አገር ደግሞ ሌባሻ የሚባል የሌባ መፈለጊያ ልማድ ነበር፤ ዕፅ የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር።

የባለሙያ ምስክርነት ግን ሌላ ነው። የጎባ ሆስፒታል ሐኪም በጉዳት ማስረጃው ላይ የቁስሉን ቦታ፣ ስፋትና ጥልቀት ቢጽፍ ለዳኛው ይጠቅማል፤ «ተከሳሹ ሊገድለው አስቦ ነው» ካለ ከሙያው ወጥቷል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 51 የተከሳሹ የአእምሮ ሁኔታ ሲያጠራጥር በባለሙያ እንዲመረመር ያደርጋል። ዳኛውን የሚያስረው ግን የተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት እንጂ ባለሙያው የሚሰጠው የሕግ ድምዳሜ አይደለም።

ፖሊስ በውሸት መለያ መሣሪያ አስፈራርቶ ያናገረው ሰው ጉዳይ ሲሆን ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ይነሣል፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም።