ጊንጥ በጠርሙስ ለሚያሳድሩ ጓደኞች

ከዕረፍት የሚመለስ ተማሪ ለጓደኞቹ ስንቅ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። ቆላ የከረመ ግን አንዳንድ ጊዜ ከቆሎው ጋር ክዳኑ የተበሳ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፤ በውስጡም ጊንጥ አለ። ጠርሙሱ ከአልጋ ሥር ይቀመጣል፤ ያየው ሁሉ «ይገድላል ወይስ አይገድልም?» ይላል፤ ባለቤቱም ደፋር ለመባል ሲል «ይህኛው አይገድልም» ብሎ ይመልሳል። ከምን ተነሥቶ እንደዚያ እንዳለ ግን የሚጠይቀው የለም። በዚያው ክፍል ሌሎች ተማሪዎች የሚተኙ ስለ ሆነ ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ መጠኑ አያታላችሁ። ሰው ትልቁንና ጥቁሩን ይፈራል፤ ትንሹንና ቢጫውን ይንቃል። እውነቱ ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። መታየት ያለባቸው እጆቹና ጅራቱ ናቸው። ጊንጥ የሚበላውን የሚያሸንፈው ወይ በእጆቹ ጨፍልቆ፣ ወይ በጅራቱ ነድፎ ነው። እጆቹ እንደ ጉጠት የሰፉና የወፈሩ፣ ጅራቱም የቀጠነ እንደ ሆነ የሚተማመነው በእጆቹ ነው፤ መርዙም በጤነኛ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ከሕመምና ከእብጠት አያልፍም። እጆቹ እንደ ወረንጦ የቀጠኑ፣ ጅራቱ የወፈረ እንደ ሆነ ግን የሚተማመነው በመርዙ ነው።

በአገራችን ሁለቱም ዓይነት አለ። ፓንዲኑስ የሚባለው ወገን ጠቆር ያለ፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚያድግ፣ እጆቹ ሰፋፊ የሆኑ ነው። ፓራቡቱስ የሚባለው ደግሞ ጅራቱ ከእጆቹ እጅግ ይወፍራል፤ ሲቆጣም በመንደፊያው ጫፍ የገዛ ጅራቱን ሸካራ ጀርባ እየፋቀ ድምፅ ያሰማል። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው የእጁን ውፍረት ለመለካት መድከም የለበትም።

ለተጠራጠረ ሌላ ምልክት አለ። ጊንጡን በመስተዋት ዕቃ ውስጥ እንዳለ ከሥር በአጉሊ መነጽር ተመልከቱት። በእግሮቹ መነሻ መካከል ትንሽ የደረት ሰሌዳ አለች። ፓራቡቱስ በሚገኝበት ቡቲዴ በተባለው ቤተ ሰብ ይህች ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን ናት፤ በፓንዲኑስ ግን አምስት ጎን አላት። ከእርሷ በስተኋላ ያሉት ሁለት ማበጠሪያ መሳይ ነገሮች መሬቱን የሚዳስስባቸው ናቸው። ለሰው ሕይወት የሚያሰጉት ጊንጦች አብዛኛዎቹ ከቡቲዴ ወገን ናቸው። ይሁን እንጂ ደንቡ ያለ እንከን አይደለም፤ በኢራን ደቡብ ምዕራብ ያለው ሄሚስኮርፒዩስ ከዚህ ቤተ ሰብ ሳይሆን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ያልታወቀ ጊንጥ ሁሉ እስኪታወቅ ድረስ እንደ አደገኛ ይቈጠር። እጀ ቀጭኑን በመኝታ ክፍል የማኖር መብት ያለው ተማሪ የለም ባይ ነኝ፤ ቦታው የባዮሎጂ ክፍል ነው።

ወፍራም እጅ ያለውን ለማኖር የቈረጠ፣ አስቀድሞ የክፍሉን ጓደኞች ያስፈቅድ። ጠርሙስ ይጠበዋል፤ ክዳኑ የሚቈለፍ፣ አየር የሚገባው የመስተዋት ሣጥን ያስፈልጋል። አፈሩ እንዲቈፍርበት ጥልቅ ይሁን፤ በላዩም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግ፤ ነገር ግን ድንጋዩ ተንዶ እንዳይጨፈልቀው ከሣጥኑ ወለል ላይ ይቁም። በአንድ ሣጥን ሁለት ጊንጥ አይቀመጥም፤ ይበላላሉና። ውኃ በጠርሙስ ክዳን ከጠጠር ጋር ይሰጠው። ምግቡ ፌንጣና በረሮ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። የዶርሚቶሪያችን በረሮ ሞልቶ ተርፏል ብላችሁ ግን አትደሰቱ፤ መድኀኒት የተነፋበትን በረሮ የበላ ጊንጥ አብሮ ይሞታል። ቆዳውን ሊለውጥ ሲል መብላት ያቆማል፤ ያን ጊዜ በሕይወት ያለ ፌንጣ አጠገቡ አይተው፤ ገላው ገና ለስላሳ ሳለ ፌንጣው ይበላዋል።

አዲስ አበባ ላይ ትልቁ ችግር ብርዱ ነው። የቆላ ጊንጥ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይወድዳል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችን ግን ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሙቀቱ በሣጥኑ አንድ ጎን ብቻ ይሰጠው፤ ሲበዛበት የሚሸሽበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። በመስኮት ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ መጥበስ ነው።

በእጅ መያዝ ፈጽሞ አያስፈልግም። ሣጥኑ ሲጸዳ ጫፉ በስፖንጅ የተጠቀለለ ረዥም ወረንጦ፣ ወይም ሰፊ ብርጭቆና ካርቶን ይበቃል። ካመለጠም መብራት አጥፍታችሁ ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት አልትራቫዮሌት መብራት ፈልጉት፤ ገላው አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ቆዳውን በቅርብ የለወጠ ግን አያበራምና ጫማችሁን ሳታራግፉ አትጫሙ።

ከነደፈ ቦታው በሳሙና ይታጠብ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይያዝበት፤ የተነደፈውም ሰው ዐርፎ ይቀመጥ። መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ምራቅ ከበዛ፣ ጡንቻ ከተንቀጠቀጠ፣ ዐይን ከተቅበዘበዘ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ነዳፊው እጀ ቀጭን ወይም ያልታወቀ ከሆነ፣ የተነደፈውም ሕፃን ከሆነ፣ ምልክቱ እስኪታይ አይጠበቅም።

ከዱር የተያዘች እንስት ደግሞ ሳታስቡት ልትወልድባችሁ ትችላለች። እርግዝናዋ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል። እንቍላል አትጥልም፤ ነጫጭ ልጆቿን በሕይወት ወልዳ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪለውጡ በጀርባዋ ታዝላቸዋለች። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ይበተናሉ፤ የአየር ቀዳዳው ለእናቲቱ ቢጠብብ ለእነርሱ በር ነውና በቀጭን የሽቦ ወንፊት ሸፍኑት።

ለክረምት ወደ ቤቱ የሚሄድና ጠባቂ ያላገኘ ተማሪ ጊንጡን ወደ ተያዘበት ስፍራ ይመልሰው። እስከዚያው የያዘበትን ስፍራና ቀን ጽፎ በሣጥኑ ላይ ይለጥፍ። ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ማውጣት ግን ከመጀመሪያውም ክልክል ነው። የድሬዳዋን ጊንጥ እንጦጦ ወስዶ «ነጻ አወጣሁት» ማለት በብርድ መግደል ነው።